ለእንግዳ የተጠረገ ቤት

ልጄ ግዙፍ ኤሊዎች ልታሳየኝ ባሕር አሻግራ ወሰደችኝ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ ከዚያ ጉዞ የተመለስኩት ተናድጄ ነው፤ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። በማን ተናደድሽ ብትሉኝ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ፦ በአባቴ፣ በከተማው አስተዳደር በኮሙኑ፣ በልጄ፣ ከሁሉም አብልጬ ደግሞ በራሴ። ያልተናደድኩባቸው ኤሊዎቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉዞው ሁለት ወር አስቀድሞ፣ አባቴ ቤት ነው። አባቴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በስደት ስዊድን ከገቡ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተዋል። ስንት ሺህ አንሶላ እንዳጣጠፉ አንድዬ ይወቀው፤ አሁን ጣቶቻቸው እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከስቶክሆልም ወጣ ብላ ባለች፣ በባቡር በሚኬድባት ከተማ። የከተማዋን ስም አልጠራም። «ገመናዬን አወጣሽ» ይሉኛል፤ እስካሁን ያወጣሁት ገመና ደግሞ ይበቃኛል።

እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ውስጥ ሪንከቢ በሚባል ሰፈር፣ የምሠራው ሶደርማልም በሚባለው ነው። ሥራዬ ሄምሼንስት ይባላል፤ አቅም ያነሳቸው አረጋውያን ቤት ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ምሳ አሞቃለሁ፣ መድኃኒታቸውን እንዲውጡ አስታውሳለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ከሥራ ወጥቼ በባቡር አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ወጥ እሠራለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ። ገላቸውን ሲታጠቡ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ጀርባቸውን እንኳ አያስነኩኝም። የቀሩት አራት ቀናት እንዴት እንደሚያልፉ የማውቀው እሳቸው ከሚነግሩኝ ብቻ ነው።

ለእኔ ግን ይነግሩኛል። ይህን ልብ በሉልኝ። በሩን እንደከፈቱልኝ፣ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ «ነይ ስሚማ፣ ይህ ጉልበት ሊገድለኝ ነው» ይላሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ፈጦ አደረ» ይላሉ። «ትናንት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ እንዲሁ ዋልኩ» ይላሉ። እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ ሸሚዙን እቆልፍላቸዋለሁ። ለሌላ ሰው፣ ለንስሐ አባታቸው እንኳ ሳይቀር፣ ሁልጊዜ ደህና ናቸው።

እኔ ብቻዬን እንደማልበቃ ሲገባኝ ለኮሙኑ አመለከትኩ። ጠዋትና ማታ ሰው እንዲመጣላቸው፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። እርዳታ ይገባል ወይም አይገባም ብላ የምትወስነው ሠራተኛ ሀንድሌጋሬ ትባላለች፤ ቤት ድረስ መጥታ፣ አይታና ጠይቃ ነው የምትወስነው። ለእኛም ቀን ቆረጠችልን።

እንግዲህ ያደረግኩትን ስሙ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖርኩት ሴትዮ፣ ውሳኔው በምን እንደሚሰጥ ከማንም በላይ የማውቀው ሴትዮ፣ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ የአባቴን ቤት አጸዳሁ። መስኮት ወለወልኩ፣ መጋረጃ አጠብኩ፣ ምድጃውን ፍቄ መስታወት አስመሰልኩት። ማቀዝቀዣውን በወጥ ሞላሁት። ድፎ ዳቦ ደፋሁ። አባቴን ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ወሰድኳቸው። ግራጫ ሱፋቸውን አስለብሼ፣ ክራቫታቸውን እኔው አስሬ፣ ሶፋው ላይ እንደ ሙሽራ አስቀመጥኳቸው። ለምን ብትሉኝ፣ እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። አባቴ አቅም አንሷቸዋል ብዬ ማመልከቻ በጻፍኩበት እጄ አቅም ያላነሰው ሰው ቤት ሠራሁ።

ሀንድሌጋሬዋ ልጅ እግር ናት፣ ትሁት ናት። ብታመናጭቅ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። አባቴ ከአንሶላ ጋር ሲውሉ ኖረው ስዊድንኛው አልገባቸውም፤ አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ እሷ በስዊድንኛ ጠየቀች፣ እሱ በአማርኛ አደረሰ።

«ገላዎን ብቻዎን መታጠብ ይችላሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቴ።

«ምግብዎንስ ራስዎ ያዘጋጃሉ?»

«ምን ጎድሎብኝ! ልጄ እያለችልኝ።»

«ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?»

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። በኅዳር መታጠቢያ ቤት ወድቀው ነበር። ደርሼ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ ስደርስ ከወደቁ ምን ያህል ሰዓት እንደሆናቸው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ከእኔ ዓይናቸውን መልሰው ወደ ልጅቷ ፈገግ አሉ።

«ጠላት ይውደቅ» አሉ።

አስተርጓሚው በስዊድንኛ «አልወደቁም» አላት። ጻፈች።

ምነው ዝም አልሽ የሚለኝ ይኖራል። አባቴን በባዕድ ፊት ዋሹ ልበል? እኛ ቤት አባት ሲናገር ልጅ መሬት መሬት ታያለች። እኔም በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መሬት መሬት አየሁ። ወለሉ የወለወልኩት ስለነበር ያብረቀርቃል። ልጅቷ ለመሄድ ስትነሳ አባቴ ዳቦ ጠቅልለው ሰጧት። ሥራ ላይ ሆና ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድላት ሦስት ጊዜ ተናገረች። አባቴ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ጨዋነት ቆጥረውላት አራተኛውን ሳይጠብቁ ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱት። ከሄደች በኋላ «አየሻት? የጨዋ ልጅ ናት» አሉኝ፤ ከዚያም ወዲያው ሶፋው ላይ ተዘርግተው «ኧረ ይህን ጫማ አውልቂልኝ፣ እግሬን ቆረጠኝ» አሉ።

የውሳኔው ደብዳቤ የደረሰኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ወደ ሪንከቢ በሚወስደው ባቡር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቤቱ ንጹሕና በሚገባ የተያዘ ነው ይላል። አመልካቹ በሥርዓት ለብሰዋል፣ ማቀዝቀዣቸው በምግብ የተሞላ ነው፣ ከቤተሰብ በቂ ድጋፍ ያገኛሉ፣ ራሳቸውም ምንም ችግር እንደሌለባቸው ገልጸዋል ይላል። ስለዚህ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። እያንዳንዱን ቃል የሠራሁት እኔ ነኝ። መጋረጃውን ያጠብኩት እኔ፣ ወጡን የሠራሁት እኔ፣ ክራቫቱን ያሰርኩት እኔ። ቆሽቴ አረረ። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ምን ሆነሽ ነው በሚል ዓይን ቢያየኝ በአማርኛ ሰደብኩት።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ሶደርማልም ከማያቸው አረጋውያን አንዷ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ በአፋቸው የማይሉት የለም። ድንቹ ቀዘቀዘ፣ ትናንት የመጣችው ሠራተኛ እጇ ሻካራ ነው፣ የመኝታ ቤቱ መብራት ያስነጥሰኛል፤ ሲያማርሩ ነው የሚውሉት። ሁሉም ይጻፍላቸዋል፣ ሁሉም ይሰማላቸዋል። መብታቸው ነው፣ እኔም ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ድንቹን ሳሞቅ እንባዬ መጣ። አባቴ በዚህ አገር አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ድንች ቀዘቀዘ ብለው አያውቁም።

ይግባኝ እንበል ብዬ ለመንኳቸው። «አንድ ጊዜ አይሆንም የተባለ ሰው ደግሞ አይለምንም» አሉ። ተከራከርኩ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉኝ።

«ምግብም አይገባም፣ አባዬ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ልጄ የደወለችው በዚያው ሰሞን ነው። የምታጠናው ስለ እንስሳት ነው። ለስድስት ወር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ግዙፍ ኤሊዎችን ለመታደግ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር በበጎ ፈቃድ እያገለገለች ነበር። የእኔን አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ደክሞሻል፣ ነይና ስምንት ቀን እረፊ፣ የምሠራውንም እይልኝ አለችኝ። አልሄድም አልኩ። አባቴ ሰሙ። «ሂጂ!» አሉ፣ «እኔን ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው? እችላለሁ።»

ይህች «እችላለሁ» የምትባል ቃል መቃብሬ ላይ ትጻፍልኝ።

ስምንት አዳዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ገዛሁ፤ ክዳናቸው በአራቱም ጎን ቀጭ ብሎ የሚገጥም፣ ጠብታ የማያፈስ። ስምንቱንም ሞልቼ የቀኑን ስም በላያቸው ጻፍኩና ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደርኳቸው። ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ዶሮ፣ እንዲህ እያልኩ። በሥራዬ ኮራሁ። በየቀኑም እንደምደውል ምዬ ሄድኩ።

ደሴቷ ቆንጆ ናት። ቆንጆነቷም አናደደኝ። በትንሽ ጀልባ ደርሰን ገና አሸዋው ላይ እግሬን ሳሳርፍ ልጄ በሹክሹክታ አስቆመችኝና ወደ አንድ ቅርንጫፍ ጠቆመችኝ። ነጭ ወፍ ጎጆ ሳትሠራ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ እንቁላሏን አስቀምጣ አጠገቡ ቆማለች። ነፋስ ቅርንጫፉን ያወዛውዘዋል። እኔ ስምንት ቀን ሙሉ ያችን እንቁላል እያሰብኩ ተሳቀቅኩ፤ ሌሎቹ ጎብኚዎች ፎቶ ያነሱ ነበር። እንሽላሊቶች እግር ሥር ይርመሰመሳሉ፣ ሸርጣኖች ከየጉድጓዱ ይወጣሉ፣ ሰማዩ በወፍ ተሞልቷል። ሰው እዚያ እንግዳ ነው፤ ሁሉም በራሱ አገር ነው ያለው።

ኤሊዎቹ መጀመሪያ ድንጋይ መስለውኝ ነበር። አንዱ መንገዱ ላይ ተኝቶ ልዞረው ስል ተነፈሰ። እንደ ባቡር በር ረጅም፣ የደከመው ትንፋሽ ነው። አንገቱን አውጥቶ አየኝ። እኔም አየሁት። ፊቱ የሽማግሌ ፊት ነው፤ ብዙ ያየ፣ ለማንም የማይናገር። ከመቶ ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም አለችኝ ልጄ።

የኤሊዎቹ ተንከባካቢ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ የጎማ ቦት ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። እዚያው አካባቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ኤሊ አለ። እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ያልገባኝን ልጄ ትነግረኛለች። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጥንቱ መርከበኞች አወራችኝ። መርከበኞቹ ኤሊዎቹን እየለቀሙ፣ በጀርባቸው እየገለበጡ፣ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይከምሯቸው ነበር አለች። ኤሊ ሳይበላ ሳይጠጣ ወራት ይቆያል፤ አይጮህም፣ አይታገልም። ስለዚህ ሥጋው ሳይበላሽ የሚቆይ ስንቅ ነው። ሲያሻቸው አንዱን አውጥተው ያርዳሉ። ከብዙ ደሴቶች ያለቁት እንዲህ ነው። በብዙ ቦታ አንድም አልተረፈም።

«የጎዳቸው መቻላቸው ነው» አለች ሴትዮዋ።

ልጄ ተረጎመችልኝ፤ ሳይተረጎምልኝ ገብቶኝ ነበር። ጀልባው ወደሚቆምበት ወርጄ ስልክ የሚሠራበትን ቦታ ፈለግኩ።

«አባዬ፣ በሉ?»

«በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምን በሉ?»

«የሠራሽውን ነዋ።»

«የትኛውን?»

«ጣፋጭ ነበር» አሉ፤ ከዚያም «ስልክ ያስከፍልሻል፣ በይ ደህና ዋዪ» ብለው ዘጉት። ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ እንደ ሀንድሌጋሬዋ እንዳስተናገዱኝ ያኔ አልገባኝም። ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ በዋናም ቢሆን እመለስ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ። ከእንቁላል የወጡት ትንንሾቹ ኤሊዎች አይጥና ሸርጣን እንዳይበላቸው እስኪጠነክሩ ድረስ በሽቦ አጥር ውስጥ ነው የሚያድጉት። ጀርባቸው ላይ ቁጥር አላቸው። ልጄ ያን ጠዋት ማለዳ ተነስታ እኔ ከመምጣቴ በፊት አጥር ግቢውን ጠርጋ፣ ፍግና የደረቀ ቅጠሉን ሁሉ አውጥታ፣ የውሃ ገንዳቸውን ፈትጋ፣ አዲስ ቅጠል ጎዝጉዛ ጠበቀችኝ። ግቢው ለበዓል የተሰናዳ ይመስል ነበር። በኩራት እጇን ዘርግታ «እዪ፣ እማዬ!» አለች፤ በአማርኛ። ያቺን ሁለት ቃል በአማርኛ ስላለችኝ ደስ አለኝ።

ተንከባካቢዋ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ማን ጠረገው?» አለች።

«እኔ» አለች ልጄ። «እናቴ ስለምትመጣ ነው።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ደብተሯን ዘጋች። «ኤሊ አሞኛል አይልም» አለች። «አልጠይቀውም። ጠዋት መጥቼ የማየው ያልበላውን ቅጠል ነው፣ ፍጉን ነው፣ የተኛበትን ቦታ ነው። እነዚህ ውስጥ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የማይበላ አንድ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ላውቅ ነበር። አንቺ ለእንግዳ አሳመርሽው። አሁን ሁሉም ደህና ይመስላሉ።»

መጀመሪያ ደሜ የፈላው በሷ ላይ ነው። ልጄን በእኔ ፊት! አፌን ከፍቼ ነበር። ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «አንቺ እንድትደሰቺ ነው፤ ቆንጆ እንዲሆን ብዬ ነው» አለች፤ በስዊድንኛ። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባላል፤ እኔ ልጅቷን አይቼ እናቷን አየሁ። የአባቴ መጋረጃ ታየኝ። ምድጃው ታየኝ። ግራጫው ሱፍ ታየኝ። ስዊድን ተወልዳ፣ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የማትጨርስ ልጅ፣ ይህን አንዱን ከእኔ በደንብ ተምራለች።

የማይበላውን ለማግኘት ሁለት ተጨማሪ ቀን ፈጀባቸው። እያንዳንዱን ለየብቻ አድርገው ቅጠሉን ቆጥረው ሰጡ። ተንከባካቢዋ ማንም መጥረጊያ እንዳይነካ ከለከለች። በሦስተኛው ጠዋት ቅጠሉ ሳይነካ ያደረው ተገኘ፤ አፉ ውስጥ እሾህ ተሰክቶበት ነበር። ልጄ ደስ ብሏት አለቀሰች። እኔ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ኤሊ አፍ ውስጥ የተሰካ እሾህ እንዲህ ይፈለጋል ብዬ እርር ድብን አልኩ። ኤሊው ይዳን፣ መቶ ዓመት ይኑር። ግን አባቴንስ?

ስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፈቱልኝ። ቀበቷቸው ላይ በቢላዋ የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ምንም ሳልናገር ወደ ማቀዝቀዣው አለፍኩ።

ሰባቱ ዕቃዎች እንደደረደርኳቸው አሉ። ማክሰኞ አለ፣ ረቡዕ አለ፣ ሐሙስ አለ። የመጀመሪያው ሰኞ ብቻ ተከፍቷል፤ ክዳኑ በቢላዋ ተተልትሏል፣ ጠርዙ ላይ የደረቀ ደም አለ። የተቀረውን አልሞከሩትም። ዳቦ በሻይ እየነከሩ ነው የከረሙት። ያ ጠብታ የማያፈስ፣ የኮራሁበት ክዳን፣ በእነዚያ ጣቶች የሚከፈት አልነበረም። ስገዛው እጄ ውስጥ ቀጭ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። የማን እጅ እንደሚከፍተው አላሰብኩም።

ጮህኩ። እንዲያ ጮኼ አላውቅም። «ለምን አልነገሩኝም? ጎረቤት አጥተው ነው? አንድ በር ማንኳኳት ነው!»

«ክዳን ክፈቱልኝ ብዬ የሰው በር ላንኳኳ?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ለአንቺስ ብነግርሽ ባሕር ማዶ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ? ደስታሽን ላበላሽብሽ?»

ይህን ሲሉኝ ልምታቸው ወይስ እግራቸው ላይ ልውደቅ አላወቅኩም። ስምንት ቀን የተራቡት ለእኔ ደስታ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው እኮ!

ፎቶ አነሳሁ፤ ሰባቱን ዕቃ፣ የተተለተለውን ክዳን፣ ቀበቶውን። እንደገና አመለከትኩ፣ እንደገና ቀን ተቆረጠ። በዚህኛው ጊዜ ምንም ላልጠርግ ማልኩ። ከቀጠሮው በፊት አንድ ሳምንት ወለሉን አልነካሁም። አባቴ ተጨነቁ። «ሰው ምን ይለናል? ቢያንስ ሳህኑን እጠቢው» አሉ። ሳህኑን አላጠብኩም። ሱፉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጠዋት ስደርስ መጥረጊያውን ይዘው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ከእጃቸው ቀማሁ። ከአባቴ እጅ ነገር ስቀማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ያቺው ሀንድሌጋሬ መጣች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ዳቦ ግን የለም። አባቴ የቤት ሹራባቸውን እንደለበሱ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«በምግብ በኩል እንዴት ነዎት?» አለ አስተርጓሚው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ውሸት ነው» አልኩ። በስዊድንኛ ነው ያልኩት። ለልጅቷ ብቻ ልንገራት፣ እሳቸው ሳይሰሙ ይለፍ ብዬ ነው፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። አስተርጓሚው ግን ሥራው የተባለውን ሁሉ ማድረስ ነው። በጨዋ ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ልጅዎ ውሸት ነው ይላሉ» አላቸው።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ከማቀዝቀዣው አንዱን ዕቃ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ይክፈቱት፣ አባዬ።»

ያዙት። አውራ ጣታቸውን ከጠርዙ ሥር ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ጣቱ አይታጠፍም። በሌላው ጎን ሞከሩ። ዕቃውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ሞከሩ። ልጅቷ «ይበቃል፣ አያስፈልግም» አለች፤ አስተርጓሚውም «ይበቃል ትላለች» አለ። አባቴ አልተውም። ጥፍራቸው ፕላስቲኩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። እኔ ቆሜ አየሁ። በዚህኛው ጊዜ መሬት መሬት አላየሁም።

በመጨረሻ ዕቃውን አስቀመጡት። ከጠረጴዛ ልብሱ ጠርዝ ጋር አስተካክለው አስቀመጡትና እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቁ።

«ዛሬ ብርድ ስለሆነ ነው» አሉ። «እጄ ቀዝቅዞ ነው።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ልጅቷ ጻፈች። በዚያው ወር ተፈቀደ፤ ጠዋትና ማታ ሰው ይመጣላቸዋል፣ ምሳም ተሞቆ ይቀርብላቸዋል። የሚመጣው ሠራተኛ ደህና ሰው ነው፤ ክዳን ይከፍታል፣ ሸሚዝ ይቆልፋል። አባቴ ክብደት ጨምረዋል። የጠየቅኩትን ሁሉ አግኝቻለሁ።

ሠራተኛውን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ እኔ በምመጣበት ቀን የምሳውን ሳህን እንዳያነሳው። የተረፈውን ማየት እፈልጋለሁ። እሺ አለኝ፣ ቃሉንም እስካሁን ጠብቋል።

አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ አላውቅም። ካፖርቴን አውልቄ፣ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ «ነይ ስሚማ» የሚለኝ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ደወሉን ስደውል ለመክፈት ቆዩ። ሲከፍቱልኝ ግራጫውን ሱፍ ለብሰዋል። ክራቫት አስረዋል፤ ቋጠሮው ተጣሟል፣ ራሳቸው ናቸው ያሰሩት። ወለሉ ተጠርጓል፣ መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ቆሟል። ወደ ኩሽና ዘለቅኩ። የምሳው ሳህን ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ መደርደሪያው ላይ ተገልብጧል።

«እንዴት ሰነበቱ፣ አባዬ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው። «ምን ጎድሎብኝ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»